የአፕሎቹ ሞግዚት

ኅዳር 3፣ ሰኞ ማታ

ዛሬም ላቦራቶሪ ውስጥ የአፕል ቡቃያ ስቆርጥ ዋልኩ። ከጠርሙስ ማውጣት፣ መከፋፈል፣ ምግባቸው የሆነው አዲስ ጄል ላይ መትከል፣ መክደን። እጄ አልኮል አልኮል ይሸታል። ማስታወሻዬ፣ ሰው አፕል ሲባል ዛፍ ነው የሚታየው። የእኔዎቹ ከጣቴ አይበልጡም። ፍሬያቸውንም አላየው፤ ጥሩ ፍሬ የሚሰጠው ዝርያ በኋላ የሚቀጠልባቸው የሥር ችግኞች ናቸውና። በየወሩ ካልተቆረጡ ይሞታሉ። ቆራጯ እኔ ብቻ።

የካ አባዶ ቤቴ ስደርስ ጨልሟል። ዳዊት ከጅማ ደወለ። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ እሱ እዚያ ት/ቤት ተመደበ፣ እኔ እዚህ ቀረሁ። መቼ ትመጫለሽ አለኝ። ይህ ዙር ይለቅ አልኩት። ባለፈውም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ዶ/ር አልማዝን፣ አለቃዬን፣ ፈቃድ ጠየቅኳቸው።

«አንቺ ከሄድሽ ማን ይቆርጣል? ልጆችሽ እኮ ናቸው!» አሉ እየሳቁ።

ሃያት አለች አልኳቸው። በቅርቡ የተቀጠረችው ልጅ ናት። እጇ ገና ነው፣ ታበላሻለች አሉኝ። ሃያት በር ላይ ነበረች። ሰምታለች።

የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡትን መኪኖች አያለሁ። ከዚያ ማስኬን አድርጌ እመለሳለሁ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ንጹሕ አየር የሚነፋው ማሽን ቆመ፣ ጠርሙሶቹ ደግሞ ክፍት ናቸው። እናቁም፣ ሻጋታ ይገባባቸዋል አልኩ። ችግኙን የሚወስዱት ገበሬዎች እየጠበቁ ነው፣ ጨርሺው አሉ ዶ/ር። ጨረስኩት። ለምን እሺ እላለሁ?

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ሻጋታ። መደርደሪያው ሙሉ፣ ነጭ ጥጥ የመሰለ። ቡቃያዎቹን ውጧቸዋል።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። አለቁ፣ እሄዳለሁ ብዬ አሰብኩ።

«ምነው ፈገግ አልሽ?» አለች ሃያት።

 ገበሬዎቹ ትዝ አሉኝ። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፋቸውን ነቅለው መሬቱን አዘጋጅተው የተቀመጡ ሰዎች። አፈርኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ሃያት ከታችኛው መደርደሪያ ንጹሕ የቀሩትን እየለየች ነበር። ጥቂት ናቸው። ግን አሉ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ዶ/ር ስብሰባ ወጥተዋል። የተረፉትን እንድትቆርጥ ቢላውን ለሃያት ሰጠኋት። አንዱን ቡቃያ ጣለችው። ልውሰደው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ተዪኝ እስቲ፣ እትዬ ሰላም» አለች።

ተውኳት። ከባድ ነበር። እስከ ማታ ቆረጠች።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

የሃያት ጠርሙሶች ንጹሕ ናቸው። ሁሉም አይደሉም፤ አብዛኞቹ። ወስጄ ለዶ/ር አሳየኋቸው፣ የማን እጅ እንደሆነም ነገርኳቸው። አንዱን አንስተው ወደ መብራቱ አስጠጉት። ከዚያ፣ ጥሩ፣ ሁለታችሁ ስትሆኑ ሥራው ይፈጥናል አሉ።

ሁለታችሁ! ሳቄ መጣ። የፈቃድሽን ነገር ከሰኔ በኋላ እናያለን አሉኝ። እኔ ግን እሄዳለሁ አልኩ። የእሳቸውን ፊት አላየሁም፣ ጠርሙሶቹን ነበር የማየው።  ደግሜ አልኩት።

ማታ

ለዳዊት ደወልኩ። ነገ እነሳለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቀኝ አልኩት። 

«ለስንት ቀን ነው?» አለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

ትልቁን ሻንጣ ነው የያዝኩት አልኩት።