ዋስ የሆንሁላት ሯጭ

ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ ሳልጠየቅ እንግዳ ተመደበልኝ። ለእሑዱ ሩጫ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡትን ሯጮች ቀበሌያችን በየቤቱ አከፋፈላቸው። ታይፒስቷ እኔ ነኝና ዝርዝሩን የመታሁትም እኔው፣ የራሴን ስም ሳይቀር። ለእኔ የደረሰችኝ ሎሚ ትባላለች፤ ከጎባ ነው የመጣች። እዚያ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ። አራት ቀን አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ እግሯ አብጧል። አራት ቀን! ጎባ ሜዳ የለም እንዴ?

ክፉው ነገር፦ የይለፍ ወረቀቷን ኬላ ላይ ወስደውባታል። የአገሯ ቀበሌ «ወደ ባሕር ዳር ለመሮጥ» ብሎ ጽፎላታል። ጠባቂው «ከማን ነው የምትሮጪ?» ይላታል። አማርኛዋ ገና ነው፤ ከሁሉም ጋር ለማለት «ከሁሉም!» ብላው እርፍ። በዚህ ዘመን! እስከ ነገ ማታ ዋስ ካላመጣች በመጣችበት መንገድ ይመልሷታል።

እግሯን በጨው ውሃ አጠብሁላት። እሷ በሀፍረት ልትሞት።

ዓርብ

ሊቀ መንበራችን ዘንድ ይዣት ገባሁ። «ለመሆኑ እዚያው አገርሽ ብትሮጪ ምን ነበረበት?» አላት።

መሬት መሬት እያየች፣ አማርኛውን አንድ በአንድ እየፈለገች «ጎባ የሚቀድመኝ የለም» አለች። «ብቻዬን ስሮጥ አቅሜን በምን ልወቀው? የሚቀድመኝ ፍለጋ ነው የመጣሁ።»

እሱ እኔን አየ፣ እኔ እሱን። ሰው ገበያ ፍለጋ ይሄዳል፣ ጠበል ፍለጋ ይሄዳል። የሚቀድመውን ፍለጋ?

«ከጠፋች አንቺን ነው የምጠይቅ» ብሎ የዋስትናውን ወረቀት ገፋልኝ። ፈረምሁ። ምን አገባኝ? ሁለት ቀን ብቻ የማውቃት ልጅ! ግን ኬላው ፊርማዬን አይቶ የይለፍ ወረቀቷን መለሰላት፣ ዞር ብላም ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

ቅዳሜ

ስነሣ መደቧ ባዶ ነው። የይለፍ ወረቀቷም የለም።

አለቀልኝ አልሁ። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ወደ ሐይቁ። መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ «ቀጭን ልጅ አላዩም?» ብላቸው «እንዴት አላያት፤ ሦስት ጊዜ አለፈችኝ እኮ! ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

ወዲያው መጣች። ልቆጣት አፌን ከፍቼ እንደከፈትሁ ቀረሁ። ያ ያበጠ እግር መሬት የሚረግጥም አይመስል። ኮቴዋ አይሰማ፣ ትንፋሿ ብቻ። ደንገሉን ታካ ስታልፍ ታንኳ ላይ ያሉት ሰዎች መቅዘፊያቸውን አንሥተው አዩዋት። አምላኬ፣ ሰው ውስጥ ስንት ነገር ደብቀሃል! እንባዬ መጣ፤ ድንጋጤው ይሁን እሷ አላውቅም።

ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ በእጇ ይዛ ነበር። «እትዬ ታንጉት፣ ከእንቅልፍ እንዳላስነሣዎ ብዬ ነው» አለችኝ። ሁለተኛ እንዲህ ብታደርጊ ያንን እግርሽን እሰብረዋለሁ አልኋት።

እሑድ

ድምፄ ተዘግቷል። ጮኼ ጮኼ።

እስከ መጨረሻው መዞሪያ ሎሚ ነበረች ፊት። ከዚያ ከነቀምት የመጣች አንዲት አጭር ልጅ ከኋላዋ ብቅ አለች፣ ደረሰችባት፣ አለፈቻት። ሎሚ ጥርሷን ነክሳ ተከተለቻት፤ ትናንት እንኳ እንዲህ ስትሮጥ አላየኋትም። ለካስ ሌላም ነበራት! ግን አልደረሰችባትም። ሁለተኛ ወጣች።

ያን ሁሉ መንገድ መጥታ! ሰውን እየገፋሁ ላጽናናት ሄድሁ። እሷ ግን መች ሰማችኝ! የነቀምቷን ልጅ አንገቷን አቅፋ፣ በሳቅ ትንፋሽ አጥሯት፣ በኦሮምኛ አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቃታለች። ምን እያለቻት ነው ብዬ አጠገቤ የቆመውን ሰው ጠየቅሁ።

«ከጎባ ነቀምት በአውቶቡስ ስንት ቀን ነው?» እያለቻት ነው አለኝ።