የተሰረዘ ሰርተፍኬት፣ አሥራ አንድ ኤ

ጥቅምት 5 ቀን 2011
ጠዋት የሬጅስትራሩ ፕሪንተር ወረቀት ዋጠ። የአይቲ ሠራተኛዋ እኔ ነኝና አወጣሁለት። ከሰዓት ዲናችን ኦቦ ረጋሳ የኮሌጁን ድረ ገጽ ምስጢራዊ ቁልፍ ስድሳ ሦስት ሰው ያለበት የሠራተኞች ቴሌግራም ላይ ለጠፉት። "እንዳይጠፋ" ብለው። እውነት ነው፣ ከእንግዲህ አይጠፋም... ፋይሉ እጁ የገባ ሁሉ እኛን መስሎ ገጽ ይከፍትበታል።

ጥቅምት 6
የድረ ገጻችንን ማንነት በሰርተፍኬት ለሚያረጋግጠው ድርጅት ጻፍኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የድሮውን ሰርዘው በአዲስ ቁልፍ ሌላ ሰጡኝ። ለሙከራ የተሰረዘውን ሰርተፍኬት ኮምፒውተሬ ላይ ጭኜ በስልኬ ከፈትኩት። ብሮውዘሩ አድራሻው ጎን የምትወጣውን የደህንነት ምልክት፣ ጓጉንቸሯን አሳየኝ፤ ደህና ነው አለ። ተሰርዟል ወይ ብሎ አይጠይቅም ለካ! የላይብረሪው አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ተሰርዟል ብሎ እምቢ አለ። መምህራኑን እናስጠንቅቅ አልኳቸው ኦቦ ረጋሳን። ራኮን ሂንጂሩ፣ ችግር የለም፣ ሰው አታስደንግጪ አሉኝ። እኔም ለማንም አልነገርኩም። ለምን?

ጥር 20
የሒሳብ መምህሩ ገብረአማኑኤል በስድስት ዓመት ሁለት ኤ የሰጠ ሰው ነው። ዛሬ በእሱ ፓስወርድ የገባ አሥራ አንድ ኤ ተገኘ። ውጤት ሸጧል ተብሎ ታገደ።

ጥር 22
ቤቱ ሄድኩ። አልተላጨም። ውጤቱን የት ሆነህ አስገባህ አልኩት። የግቢው ኢንተርኔት ስለማይሠራ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ነው አለ። ጓጉንቸሯንም አይቷል።
የላይብረሪውን ላፕቶፕ ይዤ ካፌው ገባሁ። ገጻችንን በስልኬ ስከፍት ጓጉንቸር። በላፕቶፑ ስከፍት "ሰርተፍኬቱ ተሰርዟል"። የእኛ ትክክለኛ ገጽ እኮ አዲሱን ሰርተፍኬት ነው የያዘው... አንድ ሰው በካፌው ዋይፋይ ላይ በስማችን ተቀምጦ ፓስወርድ እየለቀመ ነው።

ጥር 27
የዲሲፕሊን ኮሚቴ። ኦቦ ረጋሳ ጓጉንቸሯ እስካለች ድረስ ፓስወርዱ የወጣው ከራሱ እጅ ነው አሉ። ተነሳሁ።
"ቁልፉን ለስድሳ ሦስት ሰው የላኩት እርስዎ ነዎት። እኔም እያወቅኩ ዝም ብያለሁ።"
ገብረአማኑኤል ቀና ብሎ አየኝ። አላስቻለኝም፣ ዓይኔን ሰበርኩ። ኮሚቴው አምስት ሆኖ ካፌው ድረስ ተከተለኝ፤ ላፕቶፑን አየ፣ ማኪያቶም ጠጣ።

የካቲት 4
ገብረአማኑኤል ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ኤዎቹ ተሰረዙ፤ ማን እንዳስገባቸው ግን አልታወቀም። ለእኔ "የተቋሙን ምስጢር በማውጣት" የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ኦቦ ረጋሳ? የመረጃ ደህንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።
ከሰዓት ቢሮዬ መጡ። አዲሱ ቁልፍ ለማንኛውም እሳቸውም ጋ ይቀመጥ አሉ።
"አልሰጥዎትም፣ ኦቦ ረጋሳ።"
ተነስቼ በሩን ከፈትኩላቸው። ሄዱ።