ያልኖርኳቸው አራት ዓመታት

ጥቅምት 11
ሙቀቱ አናት ይበሳል። ክፍሉ ውስጥ ትልቋ እኔ ነኝ... ይሁን። ጀርመንኛ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማን ነገረኝ? ያለፈ ነገር ለማውራት ብዙው ግስ ላይ "ተ" መጨመር ነው፣ አለቀ። ሌርነ፣ እማራለሁ። ሌርንተ፣ ተማርኩ። ኮኽተ፣ አበሰልኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ እንኳ ስለው ዋልኩ። መምህር ፍቅሩ "እትዬ ሸዋዬ፣ ወንበሬን ሊቀሙኝ ነው" አለ።

ጥቅምት 25
ከክፍሉ አንደኛ! እኔ! አጠገቤ የምትቀመጠው የካራቆሬዋ ሐጂራ "አልሐምዱሊላህ፣ አብረን የጀርመን ሽማግሌ ልንጦር ነው" ብላ አቀፈችኝ። ለሥራ ጀርመን የሚልኩን ሰዎች እስከ ህዳር 10 ሰነድ አስገቡ ብለዋል።

ህዳር 2
መለሱኝ። ከአርባ በላይ አንወስድም አሉ። መታወቂያዬ አርባ ሁለት ይላል። እኔ ሠላሳ ስምንት ነኝ። በአስራ አራት ዓመቴ ሲድሩኝ አባዬ ቀበሌ ሄደው "አስራ ስምንት ሞልቷታል" ብለው አስመዘገቡ። ባሌ የተባለው ሰውዬ እንኳ ትቶኝ ከሄደ ስንት ጊዜው... አራቱ ዓመት ግን እዚያው ወረቀቱ ላይ አለ። ቀበሌ "አባትሽ መጥተው ጨምሬ ነው ብለው ይፈርሙ፣ እናስተካክላለን" አሉኝ።

ህዳር 6
አባዬ ጋ ገጠር ወረድኩ።
"በሰባ ዓመቴ ዋሽቻለሁ ብዬ ልፈርም? የእድር ዳኛ ነኝ እኮ።"
"እውነቱን ነው የምልዎት አባዬ።"
"ያኔ ደርሰሽ ነበር።"
ያኔ ሽማግሌዎቹ ለትዳር ሊጠይቁኝ ሲመጡ ደጅ ገመድ እየዘለልኩ ነበር። የቱ ጋ ነው የደረስኩት?
ልወጣ ስል፣ ቀስ ብለው፦ "የሰው አባት ልትጦሪ ሄደሽ እኔን ማን ይጦረኛል?"
ለካ ነገሩ እሱ ነው።

ህዳር 10
አልፈረሙም። ቀኑ አለፈ።

ህዳር 22
ሐጂራን መናኸሪያ ሸኘሁ። ሻንጣዋ ከሷ ይበልጣል። ሳቅኩላት፣ ምን ላድርግ?
ከዚያ ትምህርቴ ገባሁ። አሁን ለምን እማራለሁ? ደስ ስለሚለኝ። ሌላ ደስ የሚለኝ ነገር ስንት አለኝ?
ፍቅሩ ያለፈ ነገር ተናገሩ አለን። አንዷ ቲማቲም ገዛሁ አለች። እኔ ተነስቼ "ማይን ፋተር ዛግተ አኽትሴን" አልኩ። አባቴ "አስራ ስምንት" አሉ ማለት ነው።
"ትክክል ነው" አለ ፍቅሩ።

ህዳር 26፣ እሁድ
የአባዬን ልብስ የማጥብበት ቀን ነው። ሦስቴ አስደወሉ። አልሄድኩም።