አባትየው አይሞትም

ውድ አባባ፣

እህትህን ልታስታምም ወራቤ ከሄድክ ወዲህ ፊልማችን አልቆ ለሕዝብ ታየ። በስልክ ስንገናኝ ሁሌም አጠገብህ ሰው አለ፤ እኔም አፌን ያዝ ያደርገኛል። ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

የመጀመሪያውን ፊልም ታስታውሳለህ? ጎርፍ በእጇ ስለምታቆም ልጅ የሠራሁትን የሥዕል መጽሐፍ የአዲስ አበባ ልጆች አጭር ፊልም አድርገውት፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ሱቅህ ውስጥ በስልኬ አየነው። አሳዳጊ አባቷ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ገና ፊልሙ ሳይሞቅ አንድ ትልቅ ምክር መክሮ ሞተ። አንተ ስኳር እየመዘንክ "ይሄ ሰውዬ ምን አጠፋ?" አልክ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን የልዕለ ጀግና ፊልም ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የጀግናውን አሳዳጊ አባት ይከተላል። ደግ ነው፤ ዕድሜ ግን አይሰጡትም። ልጁ ኃይሉን እንዲያውቅ እሱ መሞት አለበት። ከሞት የተረፈ አሳዳጊም ወላጅ አባት ሲመጣ ገለል ይደረጋል።

ዘንድሮ ዳይሬክተሩ ጌዲዮን ያንኑ መጽሐፍ ሙሉ ፊልም ላድርገው ብሎ አርባ ምንጭ ሲመጣ ጽሑፉን እኔው ጻፍኩ። አባትየውንም አልገደልኩትም። አባያ ሐይቅ ዳር ቀረጻ በጀመርንበት ጠዋት ጌዲዮን ወረቀቱን አጥፎ ጠራኝ።

"የአብስራ፣ አባትየው ካልሞተ ልጅቷ በምን ትነሣለች?"

"ባሳደጋት ትነሣለች።"

"ተመልካቹ እኮ ማልቀስ አለበት!"

"ቁጭ በል፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩት። እኔና አንተ ዳግም አንሥተናት የማናውቃትን ያቺን ቀን ነገርኩት።

አጎቴ ተክለጻድቅ ከደብረ ማርቆስ የመጣበትን ቀን። አስተማሪ ወላጆቼን የመኪና አደጋ ከወሰዳቸው በኋላ፣ ጎረቤታቸው አንተ ነበርክ ያነሣኸኝ። ስሜን አልቀየርክም። ሃይማኖታችን ቢለያይም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ታደርሰኛለህ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ትጠብቀኛለህ። አጎቴ "የወንድሜ ልጅ ናት፣ ልውሰዳት" ሲል ሰፈሩ ሁሉ ትከራከራለህ ብሎ ጠበቀ። አንተ "ልጅቷ ትናገር" አልክ። እኔ ፊትህን አየሁ። ጎንበስ ብለህ፣

"የአብሲ፣ እኔ እንዳይከፋኝ ብለሽ አትቅሪ። ብትሄጂም ልጄ ነሽ። ከቀረሽ ወደሽ ቅሪ" አልከኝ።

"ቤቴ እዚህ ነው" አልኩ። አጎቴም ተነሥቶ አቀፈህ።

ጌዲዮን ያጠፈውን ወረቀት ዘርግቶ ሰጠኝና "እሱን ጻፊልኝ" አለ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት።

በፊልሙ የኩልፎ ወንዝ ሲሞላ ልጅቷ አባቷን ትታ ለመሄድ ትፈራለች። እሱም አንተ ያልከኝን ይላታል። እሷ ጎርፉን ልታቆም ስትሮጥ እሱ ከሙዝ እርሻው የጎረቤቶቹን ልጆች በጋሪ ያወጣል። ሁለቱም ይተርፋሉ። አባትየውን የሠሩት የኦቾሎ መንደሩ ጡረተኛ መምህርና ተዋናይ አቶ እንድሪያስ ናቸው። የመጨረሻውን ቀረጻ ስንጨርስ "ልጄ፣ በሠራሁት ፊልም ሁሉ ሞቻለሁ፤ በእግሬ ወደ ቤቴ ስገባ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው" ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

እሁድ ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ማንም ሳይሞት ሰው አለቀሰ። ጌዲዮን በክርኑ ጎሰም አድርጎኝ "ረታሽኝ" አለ። አዎ፣ ረታሁት! ይህን ስጽፍልህ ምንም አላፍርም።

አባባ፣ ሰው ለአሳዳጊው እንዲህ ያለውን ነገር መቃብር ላይ ቆሞ ሲናገር ነው የማየው። እኔ ጆሮህ እየሰማ ልበልህ፦ እንደ አንተ ያለ አባት ስላለኝ የሚያስፈራኝ ነገር ጥቂት ነው። ከአንተ ሌላም አባት ተመኝቼ አላውቅም።

ስንወጣ አንዲት እናት እጄን ይዘው "እንዲህ ያለ ሰው በውኑ አለ?" አሉኝ።

"አለ" አልኳቸው። "እህቱ ሲሻላት ይመጣል፤ አስተዋውቅዎታለሁ።"

ቃል ገብቼብሃለሁና ቶሎ ና።

ልጅህ የአብስራ
ከአርባ ምንጭ