ሊዲያ ከስታዲየም በር አልተገኘችም

ውድ ግርማዬ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። የምጽፍልህ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝልህ ነው። ኮንከር የምትጫወትበትን ካርታህን በመቀስ ቆርጬዋለሁ። ለምን እንደቆረጥኩት ሳታውቅ እንዳትቆጣ፤ በሕይወት ሳለህ አንድም ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበህ አታውቅም፣ ይህችን እንኳን ጨርሳት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሷል። በየክረምቱ እየወጣህ የምትደፍነው ጣሪያም አብሮ ሄዷል፤ ለእሱ እንኳን አላዘንኩም። አሁን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። መቃብርህ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ አሁንም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ናሆም አስራ ሰባት ሞልቶታል፣ ጫማህ ልኩ ሆኗል። ሊዲያ አስራ ሦስት ሆናለች። የምጽፍልህ ስለ እሷ ነው።

ባለፈው ወር እህትህ ሙሉ አዲሱን ቤት ልታይ መጣች። በሩን የከፈተላት ናሆም ነበር፤ ስታየው አለቀሰች። ቁርጥ ግርማ ነው አለች፣ ደጋግማ። እውነቷን ነው፣ አረማመዱ ሳይቀር ያንተ ነው። ከዚያ ሊዲያን ትክ ብላ አየቻትና ይቺ ግን ማንን መሰለች፣ ከእኛም ከእናንተም የለችበትም አለች። ክፋት የለባትም፤ አፏ ላይ የመጣውን መናገር ልማዷ ነው። እኔ ግን ተናድጄ ሸኘኋት፤ እስከ ዛሬም አልደወልኩላትም።

ሊዲያ የአክስቷን ሲኒ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። በልቧ ግን የሆነ ነገር እያሰላች ነበር። ያሰላችው ያንተን ቀልድ ነበር።

ከስታዲየም በር ነው ያገኘንሽ ትላት አልነበር? ጨዋታ አልቆ ሰው ሲወጣ፣ በማልያ ተጠቅልላ። በየዓመቱ ትጨምርበት ነበር፤ ስሟን ያወጣላት የመስመር ዳኛው ነው እስከማለት ደርሰሃል። እኔም አላረፍኩም፤ ባለቤት ይመጣል ብለን ብንጠብቅ ብንጠብቅ ማንም አልመጣም እያልኩ አግዝህ ነበር። በየቤቱ ልጅ በዚህ ይቀለድበታል፤ እኛም ተቀልዶብናል። የእኛ ወላጆች ግን ቀልድ ነበር ብለው ሳይመልሱት አልሞቱም።

ሙሉ በመጣች በሳምንቱ የሊዲያ ክፍል ኃላፊ፣ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ የፈተና ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ስም በሚለው መስመር ላይ ሊዲያ ተብሎ ተጽፏል፤ ያንተ ስም የለም። ረስታው ይሆናል አለችኝ። ሌሎቹን ወረቀቶች ጠይቄ አየሁ፣ ሁሉም ላይ የለም። ግርማ፣ ልጅህ አባት የለኝም እያለች ነበር፣ በጽሑፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛው ጋ አስቀመጥኳት። ሌላ ዘዴ ስለማላውቅ አስተማርኳት። ጀርባው ሰማያዊውንና ጀርባው ቀዩን ካርታህን አውጥቼ ከእያንዳንዱ ሃያ ሦስት መዘዝኩ፤ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ቁጥር ጽፌባቸው ጥንድ ጥንድ አድርጌ ደረደርኳቸው። ይህ አባትሽ ነው አልኳት። በሰውነቱ ሕዋስ ውስጥ አርባ ስድስት ክሮሞዞም ነበረው፣ ሰማያዊው ከአባቱ፣ ቀዩ ከእናቱ። እሱ አርባ ስድስቱንም፣ እኔም አርባ ስድስቴን ብንሰጥሽ ዘጠና ሁለት ይሆንብሽ ነበር፤ ልጅሽ ላይ ደግሞ መቶ ሰማንያ አራት። በዚህ አኳኋን ሰው መሆን አይቻልም። ስለዚህ የወንዱ ዘርና የሴቷ እንቁላል ሲሠሩ ቁጥሩ በግማሽ መቀነስ አለበት። ሚዮሲስ የምንለው ይህንን ነው።

ሕዋሱ ክሮሞዞሞቹን አንድ ጊዜ ይቀዳል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍፍል ከእናት የመጣውና ከአባት የመጣው ጎን ለጎን ቆመው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። መቀሱን ያነሳሁት እዚህ ጋ ነው። ሰባት ቁጥር ሰማያዊና ሰባት ቁጥር ቀይ ካርታህን ከወገባቸው ቆርጬ፣ አቀያይሬ በፕላስተር አጣበቅኳቸው። ይቅርታ፣ ግን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አልነበረኝም። ቁራጭ ከተለዋወጡ በኋላ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ የትኛው በየት በኩል እንደሚሄድ እንዲሁ በዕድል ነው። በሁለተኛው ክፍፍል ቅጂዎቹም ይለያያሉ፤ ሃያ ሦስት ብቻ የያዘ ዘር ይወጣል።

ዓይኗን ጨፍና ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ እንድታነሳ አደረግኳት። ለናሆም ብለን ደግሞ መልሰን አነሳን። ሁለቱ የካርታ እጆች አልተመሳሰሉም። ቁርጥ አባቱ የሚባል ሰው የለም አልኳት፤ ናሆምም ግማሹ የኔ ነው፣ ፊቱ ላይ የወጣው የአባትሽ ሆኖ ነው እንጂ። አንቺም ማንንም ባትመስዪ ከአባትሽ የወሰድሽው ሃያ ሦስት ነው፣ ሃያ ሁለት አይደለም። ሁላችንም አንድ ዓይነት እጅ ቢደርሰን ኖሮ አንድ በሽታ መጥቶ ሁላችንንም ይጠርገን ነበር፤ መለያየታችን ለዚህም ይጠቅማል።

የመጨረሻውን፣ ፆታ የሚወስነውን ጥንድ አልቆረጥኩትም፤ እሱ ከጫፍ ጫፉ በቀር አይለዋወጥም። ሰማያዊውን ስትልክ ወንድ ይወለዳል፣ ቀዩን ስትልክ ሴት። ለናሆም ሰማያዊውን ላክህ። ለሊዲያ እናትህ ለአንተ የሰጡህን ቀዩን ላክህላት። ቁርጥ አባቱ የተባለው ልጅ ያቺ የለችውም።

በዚህ ጨረስኩ ብዬ ኮራሁ። ልጅህ ካርታዎቹን ሰብስባ ይሄ እኮ የሆነ ሰው ግማሽ መሆኔን እንጂ የማን እንደሆንኩ አይነግረኝም አለችኝ። ተማሪዬ ብቻ ብትሆን ሙሉ ማርክ እሰጣት ነበር። እናቷ ስለሆንኩ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ትቼ ነገርኳት። የተወለድሽ ቀን ወደ ስታዲየም ዝር አላልንም። እኔ ስሸከምሽ ከርሜ አምጬ ወለድኩሽ። አባትሽ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር፣ በአንድ እግሩ ጫማ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ከቤት ስንወጣ ተደናግጦ። ነርሷ ይዛሽ ስትወጣ ሊቀበልሽ ሲጣደፍ መጀመሪያ ይቀመጡ ተባለ። ቀልዱ ቀልድ ነበር፤ እኔም ሳግዘው ነበር፣ አጥፍተናል፣ ይቅር በይን። ቀልድህን በስምህ መልሼልሃለሁ፣ ግርማ።

ካርታዎቹን ወደ ማሸጊያቸው እየመለሰች፣ አባዬ በኔ ዕድሜ ምን ዓይነት ልጅ ነበር፣ እሱስ ማንን ይመስል ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ሙሉ ከመጣች ጀምሮ አባዬ ስትል አልሰማኋትም ነበር። እኔ ግን ሳውቅህ ሃያ ስድስት ዓመትህ ነበር፤ አስራ ሦስት ዓመት ሆነህ አይቼህ አላውቅም። ያን የምታውቅ በሁለት ዓመት የምታንስህ ሙሉ ብቻ ናት።

ነገ ጠዋት እደውልላታለሁ። እንደናፈቅከኝም አለሁ። እስከ ዛሬ የማስታውስህ ያየሁትን ያህል ነበር፤ ከእንግዲህ ያላየሁትንም ጠይቄ አስታውስሃለሁ፣ ልጅህ ፈልጋዋለች።

ባለቤትህ አልማዝ