ለሐሞቴ የተጸለየው ጸሎት

ጥር 13፣ 2013፣ ነገሌ
የቤተ ክርስቲያናችንን የእሑድ የጸሎት ወረቀቶች ለየሁ። አሥራ አራት። ሦስቱን መለስኩ፤ «ለታመመች እህታችን» ብቻ ይላሉ። ምኗን ነው የታመመችው? ለጸሎት የሚቀርብ በግልጽ ይጻፍ፤ ሃያ ዓመት ተናግሬያለሁ።
ከሰዓት ልብስ አጠብኩ። ደሙ ዛሬም አለ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ?

የካቲት 3
ክሊኒክ ከማኅፀኔ የወሰዱት ናሙና መልስ መጣ። የማኅፀን በር ካንሰር። «ገና ጅማሬው ላይ ነው እማማ፣ እግዜር ይመስገን» አለች ነርሷ። ይመስገን... ቦርሳዬን መዝጋት አቃተኝ።

የካቲት 5
ረሒማ ሱቅ፣ ለሳሙና። «እትዬ፣ ምነው ገረጡ?» «ሐሞት ነው» አልኩ። ከየት መጣ ይህ ቃል? እሷ አምና አዲስ አበባ ሐሞቷን በትንንሽ ቀዳዳ አስወጥታለች። ጓዳ አስገብታ ሆዷን አሳየችኝ። «ይኸው! አይጥ እንኳ አያስገባም። በሳምንቱ ሱቄን ከፈትኩ።»
የእኔንም እንዲሁ ቢያወጡልኝ... ማንም ሳያውቅ ሄጄ እመለሳለሁ።

የካቲት 7፣ እሑድ
ረሒማ ለእህቴ ልጅ ለሶሲ ነግራ፣ ሶሲ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለኡርጌሳ። ጉባኤው ተነሥቶ ለሐሞቴ ጸለየ። በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሩብ ሰዓት። አሜን አልኩ። እግዚአብሔር ፊት፣ አሜን! ምን ይደርስብኝ ይሆን?

የካቲት 23፣ አዲስ አበባ
ዶክተር ዓብዱልባሲጥ ገና ልጅ ነው፤ ሲናገር ግን አይቸኩልም። በቀዳዳ አድርገው አልኩት።
«እችላለሁ፤ ቁስሉም ቶሎ ይድናል። ግን እማማ፣ ለዚህ ካንሰር በቀዳዳ ከተሠራላቸው መካከል ተመልሶ የመጣባቸው፣ ሆድ ከተከፈተላቸው ይልቅ ይበዛሉ። ሆድ ከፍቼ ብሠራ እመርጣለሁ።»
«ከዚያስ?»
«ስድስት ሳምንት ዕረፍት። የሽንት ቱቦም ይቆይብዎታል። አስታማሚ ያስፈልጋል። ነገ ይንገሩኝ።»
የሚያስታምሙኝ የጉባኤው ሴቶች ናቸው። ለሐሞት የሽንት ቱቦ?...

የካቲት 24
ይህ በሽታ ከወንድ እንደሚመጣ ሰው ሁሉ ያወራል። ባሌ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት። ምን ይሉኛል? ብሞትስ?
ለኡርጌሳ ደወልኩ።
«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ መምህርት? ሐሞቱስ?»
«ሐሞት አይደለም። ወረቀት ያዝ።»
«የማኅፀን በር ካንሰር» አልኩት፤ ጻፈ። «'የሴቶች ሕመም' ብንለውስ? ልጆች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ...»
«እንዲያ የሚል ወረቀት ብታመጣ እመልስልህ ነበር። እንዳለ ለጉባኤው አንብብ። ዋሽቻለሁ ብላለች በል።»
«ዋቃዮ፣ አምላኬ...» አለ። ከዚያ፣ «እሺ፣ አነበዋለሁ።»
ስልኩን ዘጋሁ። ዶክተሩን፣ ክፈተው አልኩት።

የካቲት 29
ቀዶ ሕክምናው ነገ ነው። ፊርማዬ ተጣመመ። ሌላ ቅጽ ለምኜ አስተካክዬ ፈረምኩ። እፈራለሁ።

መጋቢት 21
የወጣው ሥጋ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ካንሰር የለበትም አለኝ ዶክተሩ። «ዳንኩ?» «በየሦስት ወሩ እናያለን።» አዎ አላለም።

ሚያዝያ 25፣ ነገሌ
ወረቀቱ ከተነበበ ወዲህ ሁለት የጉባኤው ሴቶች መንገድ ላይ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። ሌሎቹ ግን ተራ ገብተው አስታመሙኝ። ሶሲ ገላዬን ታጥበኛለች፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ።
ወደ ማታ ረሒማ መጣች። ጀንበር ሳትጠልቅ ውሃ ለምና ጠጣች።
«ረመዳን አይደለም እንዴ?»
«መጾም መቼ ቻልኩ፣ እትዬ። ደም እያየሁ አልጾምም፤ እሱም አልቆም አለኝ። አምስት ወር...»
«ለማን ነገርሽ?»
«ለማንም። አሁን ለእርስዎ።»
ለራሴ የነበረኝ ፍርሃት ወደ እሷ ዞረ። ነገ ክሊኒክ አብሬያት እሄዳለሁ። ባጃጁ ሲነጥር ስፌቴ እንዴት ይሆን...
በሩ ላይ፣ «ሸሪፍ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?» አለች። ባሏ ነው። በግልጽ ንገሪው ልላት አፌ ላይ መጣ። እጆቿን አየሁ፤ መቃኑን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል።
«መጀመሪያ ሐኪም ጋ እንታይ» አልኳት።