ማጫወቻቸውን ተከትለው የገቡት ሰው፦ የመምህር ዓምሃ መሸሻ የሕይወት ታሪክ

መምህር ዓምሃ መሸሻ ከአባታቸው ከአቶ መሸሻ ወልዱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ ይገዙ፣ በጉለሌ ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል ባለው ሰፈር መስከረም 21 ቀን 1931 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አናጺ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ የሰፈሩ ሠርግ ያለ እሳቸው የማይደምቅ ዘፈን አውጪ ነበሩና ሕፃኑ ዓምሃ በጀርባቸው ታዝለው ያልዞሩበት ዳስ አልነበረም። ቤተ ዘመዱ በኋላ የመጣውን ነገር ሁሉ በዚህ ያመካኛል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል በደብሩ የቄስ ትምህርት ቤት ቆጠሩ፤ ዘመናዊ ትምህርታቸውንም እዚያው ጉለሌ ተከታትለው ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። በ1951 ዓ.ም. ተመርቀው በጅማ አውራጃ ለጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1957 ዓ.ም. ወደ ተወለዱበት ሰፈር ተመልሰው ዊንጌት አካባቢ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር ሆኑ። ያስተማሯቸው ዛሬ ከመካከላችን ብዙ ናቸው። ኩርኩማቸውን የቀመሱም አሉ፤ አንዳንዶቹ ፀጉራቸው ሸብቶ እንኳ ያስታውሱታል።

በ1961 ዓ.ም. መምህር ዓምሃ ከፒያሳ የሸክላ ማጫወቻ ገዙ። ያን ጊዜ የሚተኙበት አልጋ አንድ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ የተደገፈ ነበር። እናታቸው ዕቃውን አይተው፣ «ልጄ፣ መተኛትስ አያምርህም?» ቢሏቸው፣ «እሱ ይደርሳል» አሉ። አልጋው የተለወጠው ጥር 1963 ዓ.ም. ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ቶለሳ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ሲፈጽሙ ነው፤ እሱም በሙሽራዋ ቤተሰቦች ደግነት። ከትዳራቸውም ወልዱንና ትርሲትን አፍርተዋል።

ማጫወቻው ሁለት ወዳጆችን አመጣ። አንደኛው አቶ ሸፊ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ባለቤት ናቸው። ሁለተኛው አቶ ዱጉማ፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ በመምህር ዓምሃ ቤት ይሰበሰባሉ፤ በየተራ አንዱ የወደደውን ሸክላ ይዞ ይመጣል። ሕግ ነበራቸው። ሸክላው ሲዞር ማንም አይናገርም። የጀመረ ዘፈን ሳያልቅ መርፌ አይነሳም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ አይነሳም። ሲያልቅ ደግሞ ዘፈኑን ያመጣው ሰው አፉን ዘግቶ የሌሎቹን ፍርድ ይሰማል፤ ለዘፈኑ መከራከር ክልክል ነው። ይህን የምትጽፈው ታናሽ እኅታቸው በዚያ ቤት ስታድግ ከዚህ የባሰ ቅጣት ያለ አይመስላትም ነበር። አቶ ሸፊ ነገራቸው ሁሉ ባቲ ነው፤ በባቲ ቅኝት እስከተዘፈነ ድረስ የእቁብ ስም ዝርዝርም ቢሆን ያስለቅሳቸዋል። አቶ ዱጉማ ሳክስፎን የሌለበትን ዘፈን ዘፈን አይሉም። መምህር ዓምሃ ግጥሙ፣ ግጥሙ ሲሉ አቶ ሸፊ፣ «ግጥም ከፈለግህ መጽሐፍ አንብብ፤ እኛን አታድርቀን» ይሏቸው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ወንድማችን ደስተኛ ነበሩ። ከዚህ ሌላ ከዓለም የፈለጉት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ቀበሌ ተቋቋመ፤ እሑድ የስብሰባ ቀን ሆነ፤ ሦስት ሰው በር ዘግቶ መቀመጥ ያስጠይቅ ጀመር። እነሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። ኅዳር 1969 ዓ.ም. ላይ አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀመንበር አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ በሩን ከፍቶ ገባ። ሦስቱ አለቀልን ብለው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሰውየው ግን ዓይኑ ማጫወቻው ላይ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ «ይኼ ዕቃ ለሰፊው ሕዝብ ያስፈልጋል» አለ። ሕዝቡን ለስብሰባ የሚጠሩበት ድምፅ ማጉያ መጥቶላቸው የሚያጫውቱበት ዕቃ አጥተው ኖሯል።

ማጫወቻው ይሂድ፣ ነፍስ ይትረፍ ማለት ነበር። ከጠባቂዎቹ አንዱ ግን ዕቃውን መርፌው በተሰካበት ክንዱ አንጠልጥሎ ሊያነሳው ሲል መምህር ዓምሃ መቻል አቃታቸው። «ኧረ በእናትህ፣ እንደሱ አይያዝም! ተወው፣ እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ» አሉ። ምነው ያን ቀን አፋቸውን በያዘላቸው። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ፣ «እንግዲያው አንተው ታጫውትልናለህ፣ ጓድ ዓምሃ» አለ። ማጫወቻቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ቀበሌ ገቡ፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም አልወጡም።

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ አዳራሹ፣ እሑድም ወደ አዳራሹ ሆነ። የሰልፍ መዝሙር ነው የሚያጫውቱት፤ ሌላ የለም። ከአዳራሹ በስተኋላ የቀበሌው እስር ቤት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ትእዛዝ ተሰጣቸው፤ የኋላው በር ሲከፈት ድምፁን ከፍ እንዲያደርጉ። ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም። ከፍ ባደረጉት ድምፅ ሥር የሰው ጩኸት እንዳለ የገባቸው ቀን ቤት መጥተው፣ እህል ሳይቀምሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ለባለቤታቸው እንኳ የተናገሩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ለመውጣት ያልሞከሩት የለም። መርፌው አልቋል ቢሉ ሊቀመንበሩ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንድ እፍኝ መርፌ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፈ። ጆሮዬን ያመኛል ቢሉ፣ «ማጫወት እንጂ መስማት ማን ጠየቀህ?» ተባሉ። ወደ ክፍለ ሀገር ልዛወር ብለው ቢያመለክቱ ቀበሌው መሸኛ ከለከላቸው። ቢቀሩ ደግሞ የቀሩበት ምክንያት ይጣራ ይባላል፤ ያን ጊዜ የተጣራ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ተያዙ። ሌላ ቃል የለውም።

ጥር 1970 ዓ.ም. አቶ ዱጉማ በሚነዱት አውቶቡስ ውስጥ የተበተነ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ታሰሩ፤ የታሰሩትም እዚያው፣ ከአዳራሹ ኋላ ነው። ማን ጠቆመ? ሰፈሩ ለመመለስ አልተቸገረም። ጠዋት ማታ ከካድሬ ጋር የሚውል፣ የዱጉማንም ቤትና አመል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቦኖ ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ሴቶቹ ወሬ ያቆሙ ጀመር። ከሁሉ የከፋው የአቶ ሸፊ ነበር። አቶ ሸፊ አልተሳደቡም፣ አልከሰሱም። መምህር ዓምሃ ሱቅ ሲገቡ ስኳሩን ይመዝናሉ፣ ዋጋውን ይቀበላሉ፣ ዓይናቸውን ግን ከሚዛኑ ላይ አያነሱም። ወንድማችን እኔ አይደለሁም ሊሏቸው ብዙ ቀን አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ግን ግድግዳ ጆሮ ባለው ዘመን ሱቅ ውስጥ ቆሞ ስለ እስረኛ ማን ያወራል? ሞት እንኳ እንደዚያ አላስፈራቸውም። የፈሩት ዱጉማም እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆነው እንደ ሰፈሩ ሰው ያስባሉ ብለው ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አደረጉ። አቶ ዱጉማ የሚወዱት ዘፈን ነበር፤ አንድ ሾፌር ፌርማታ ላይ አይቷት ስላለፋት ልጅ የሚያዜምበት፣ በመካከሉ ረጅም ሳክስፎን ያለበት። መምህር ዓምሃ ያን ሸክላ ከቤታቸው አውጥተው በሰልፍ መዝሙር ሽፋን ውስጥ ከተቱትና ወደ አዳራሹ ይዘውት ሄዱ። ስብሰባው ሊጀመር ሕዝቡ ሲገባ መርፌውን አሳረፉ። ዘፈኑ በድምፅ ማጉያው በአዳራሹም፣ በግቢውም፣ በኋላው እስር ቤትም ተሰማ። የመጀመሪያው አዝማች አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፤ ሳክስፎኑ ሊገባ ትንፋሽ ሲቀረው ሊቀመንበሩ ቀና አለ። በዚያች ቅጽበት መምህር ዓምሃ መርፌውን አነሱት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ስለ አውቶቡስ ሠራተኞች ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታዲያ ምን አቋረጠው?»

«ሸክላው ተጭሯል» አሉ፤ በፍጥነት መዝሙሩን ተኩ። ሊቀመንበሩም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

አቶ ሸፊ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ዘፈኑን አውቀውታል። ግን በሌላ ተረጎሙት፤ ሰውየውን አሳስሮ አሁን ደግሞ በዘፈኑ ይቀልድበታል አሉ በልባቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ስኳሩን የሚመዝኑላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ረሂማ ሆኑ። አቶ ዱጉማም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ሌላ እስር ቤት ተወሰዱ፤ ዘፈኑን ይስሙት አይስሙት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መምህር ዓምሃ እንዲህ ሆነው ከሁለት ዓመት በላይ ኖሩ። መዝሙር እያጫወቱ፣ ሂሳብ እያስተማሩ፣ ቤት ገብተው ዝም እያሉ። ልጆቻቸው በዚያ ዘመን አባታቸው ሲያንጎራጉሩ ሰምተው አያውቁም።

ሐምሌ 1972 ዓ.ም. አቶ ዱጉማ ተፈቱ። ከስተው፣ አንድ ጆሯቸው ደክሞ፣ በከዘራ እየተደገፉ መጀመሪያ የሄዱት ወደ አቶ ሸፊ ሱቅ ነው። አቶ ሸፊ አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ መምህር ዓምሃ የሰፈሩን ወሬ ነገሯቸው። አቶ ዱጉማ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ተነስ፣ እሱ ቤት እንሂድ» አሉ። አቶ ሸፊ ድብድብ ሊሆን ነው ብለው ሱቁን ለረሂማ ትተው ተከተሉ።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ በሩን ሲከፍቱ ሁለቱን አብረው አዩ። መምህር ዓምሃ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ቆሙ። አቶ ዱጉማ ሰላምታም አልሰጡ። ድሮ የሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙና እንዲህ አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል መርፌውን የምታነሳው ምን ሆነህ ነው? ሰው በጨለማ ቤት ተቀምጦ ሳክስፎን እየጠበቀ!»

መምህር ዓምሃ፣ «ፈርቼ ነው» አሉ።

«እሱማ ገብቶኛል። ግን ሕግ ሕግ ነው። ያን ዘፈን የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ በአፌ፤ አብረውኝ የታሰሩት ሰዎች እብድ ነው ብለዋል። አንተ መኖሬን ማወቅህን ያን ቀን አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ሆኜ ሰነበትኩ።»

አቶ ሸፊ በሩ አጠገብ እንደቆሙ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ። የሦስቱን ልቅሶ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጓዳ ሆነው ሰምተዋል፤ ይህን የምትጽፈዋም አብራቸው ነበረች። ትንሽ ቆይቶ ልቅሶው ወደ ክርክር ዞረ። ዘፈኑ ከሳክስፎኑና ከግጥሙ የትኛው ይበልጥበታል ነው ክርክሩ። ያን ዕለት ቤቱ ውስጥ የሚጫወት ምንም ነገር አልነበረም።

ወንድማችን ከእስራቸው በዚህ ወጡ ለማለት እንዴት ደስ ባለን። አልወጡም። በማግስቱም ወደ አዳራሹ ሄደዋል። በእነዚያ ቀሪ ዓመታት ሦስቱ የሚገናኙት በአቶ ሸፊ ሱቅ፣ ከስኳር ጆንያው ኋላ ነው። ማጫወቻ የለ፣ ሸክላ የለ። ዘፈኑን በልባቸው እየሰሙ፣ ሲያልቅ ይከራከራሉ። ዕቃ ሊገዛ የገባ ደንበኛ ሦስት ጎልማሶች ዝም ብለው ግድግዳ ሲያዩ ቆይተው በድንገት ሲጨቃጨቁ አይቶ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዳራሹ ባዶውን ሲቀር መምህር ዓምሃ በተከፈተው በር ገብተው ማጫወቻቸውን አገኙት። አልወሰዱትም። ሲጠየቁ፣ «የሰማውን ሰምቷል» ብቻ አሉ። ወልዱ የካሴት ቴፕ ገዛላቸውና የእሑዱ ጉባኤ እንደገና በቤታቸው ተጀመረ። ግን የተዘጋ ክፍል ውስጥ ዘፈን መስማት አልቻሉም። የእንጦጦ ብርድ እየገረፋቸው በርና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ነው የሚሰሙት፤ ድምፁም አጠገቡ ላለ ሰው ብቻ የሚሰማ ነው። አንድ ሰው ከፍ ካደረገው ተነስተው ይወጡ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የኩላሊት ሕመም አድሮባቸው በሆስፒታልም በቤትም ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኔ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ልጆቻቸው ወልዱና ትርሲት፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እኅታቸው ቡርቱካን፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ከፊት የቆሙት አቶ ሸፊና አቶ ዱጉማ በሐዘን ቀርተዋል።

መምህር ዓምሃ ሕመሙ ሲጠናባቸው ባለቤታቸውንና ሁለቱን ወዳጆቻቸውን ጠርተው አንድ አደራ ብቻ ተናግረዋል። በቀብሬ ላይ ድምፅ ማጉያ እንዳይቆም ብለዋል። ዕድሩ ማጉያውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ አመስግነን መልሰነዋል። ይህ ጽሑፍ መነበብ ከመጀመሩ በፊት ከኋላ ያላችሁን ቀረብ በሉ፣ ተጠጋጉ ያልናችሁ ለዚህ ነው።

አምላክ ነፍሳቸውን ደጁ በማይዘጋበት ቤት ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናናን። አሜን።